ስለ መሪ መንቀጥቀጥና ስለ አመረማመሩ

ከጎንደር ከተማ ተነሥቶ በሰሜን በኩል ወደ ደባርቅ የሚጓዝ መኪና ጥቂት ኪሎ ሜትር እንደ ሄደ የሚያገኛት ወለቃ፣ ብረት ቀጥቃጮቿና ሸክላ ሠሪዎቿ በእጅ ጥበባቸው ስሟን ያስጠሯት የቤተ እስራኤል መንደር ነበረች፤ ከእነዚያም ባለ እጆች አብዛኞቹ በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ዓመታት ወደ እስራኤል ቢሄዱም፣ የሸክላው ሥራ እስከ ዘመናችን ድረስ የመንደሩ መታወቂያ ሆኖ ቆይቷል። በዚህች መንደር የሚያልፍ ሾፌር ሰውና ከብት እያሳለፈ በዝግታ ስለሚነዳ መኪናው ጤነኛ ይመስለዋል። ዳገቱን ጨርሶ አምባ ጊዮርጊስን ካለፈና የወገራ ደጋ ከፊቱ ከተዘረጋ በኋላ ግን፣ የፍጥነት መቁጠሪያው 80ን አልፎ ወደ 90 ሲጠጋ፣ እስካሁን ዝም ብሎ የነበረው መሪ በእጁ ውስጥ መንቀጥቀጥ ይጀምራል፤ ፍጥነቱን ሲቀንስ ይተዋል፣ ሲጨምር ይመለሳል።

ይህ ሕማም በአገራችን መንገዶች ላይ እጅግ የተለመደ ከመሆኑ የተነሣ ብዙ ባለ መኪና የመኪናው ጠባይ አድርጎ ተቀብሎት ይኖራል፤ ሌላው ደግሞ ወደ ጋራዥ ሄዶ ዛሬ ጎማ፣ ነገ ኩሽኔታ፣ ከነገ ወዲያ የመሪ ዘንግ እያስለወጠ ገንዘቡን ይጨርሳል፣ መሪው ግን እንደ ቀድሞው ይንቀጠቀጣል። ሁለቱም ተሳስተዋል። መንቀጥቀጡ ምክንያት አለው፣ ምክንያቱም ምልክት አለው፣ ምልክቱንም በሥርዓት የሚመረምር ሰው አንድም ዕቃ ሳይገዛ በደሉ ከየት እንደ መጣ ለማወቅ አብዛኛውን ጊዜ ይችላል።

የነገሩ ሥር በዙረት ሕግ ላይ የቆመ ነው። ጥጥ የምትፈትል ሴት እንደምታውቀው፣ በእንዝርቱ ዘንግ ላይ የሚሰካው ክብ መካከሉን ስቶ የተሰካ እንደ ሆነ እንዝርቱ ቀስ ሲል ደኅና መስሎ ይሾራል፣ ሲፈጥን ግን ተንገዳግዶ ፈትሉን ይበጥሳል፤ የመኪና ጎማም እንዲሁ ከአንድ ወገኑ ጥቂት ክብደት የበዛበት እንደ ሆነ ያ ትርፍ ክብደት በዙረት ጊዜ ወደ ውጭ እየጎተተ መላውን ጎማ ከመካከሉ ሊያወጣው ይታገላል። የጉተታውም ኃይል ከፍጥነቱ ጋር እኩል አያድግም፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ አራት እጥፍ ይሆናል። በአንዲት መካከለኛ የቤት መኪና ቸርኬ ጠርዝ ላይ ያለ 30 ግራም ትርፍ ክብደት፣ መኪናዋ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ስትሄድ የ1 ኪሎ ክብደት ያህል፣ በ100 ኪሎ ሜትር ስትሄድ ግን የ4 ኪሎ ያህል ይጎትታል፤ ጎማውም በዚህ ፍጥነት በሴኮንድ 13 ጊዜ ያህል ስለሚዞር፣ ጉተታው በየሴኮንዱ ይህን ያህል ጊዜ አቅጣጫውን እየለዋወጠ በመሪው ዘንግ በኩል ወደ ሾፌሩ እጅ ይደርሳል።

በዚህ ላይ አንድ ሌላ ምስጢር ይጨመራል። የፊቱ ጎማ ከተሸከመው ብረትና ከሞላው ጋር ሆኖ የራሱ የሆነ የመወዛወዝ ልክ አለው፤ ይኸውም በብዙ መኪናዎች በሴኮንድ ከ10 እስከ 15 ጊዜ ይደርሳል። የጎማው ዙረት ከዚህ ልክ ጋር በተገናኘ ጊዜ እያንዳንዱ ግፊት በቀደመው ላይ እየተጨመረ መንቀጥቀጡ ይገንናል፤ ልኩን ሲያልፍ ደግሞ ይቀንሳል። መንቀጥቀጡ በ80 እና በ110 ኪሎ ሜትር መካከል ብቅ ብሎ ከዚያ በላይ የሚረግበው ስለዚህ ነው፤ ፍጥነት ጨምሮ ከሕማሙ ያመለጠ የሚመስለው ሾፌርም በደሉን አላስወገደውም፣ ጉተታው ከፊተኛው ይልቅ በርትቶ ኩሽኔታውንና የመሪውን መገጣጠሚያዎች በስውር መምታቱን ይቀጥላል።

አሁን ወደ አመረማመሩ እንምጣ። የመጀመሪያው ጥያቄ መንቀጥቀጡ የት ይሰማል የሚል ነው። በመሪው ላይ የሚሰማ እንደ ሆነ በደሉ አብዛኛውን ጊዜ ከፊት ጎማዎች፣ በመቀመጫውና በወለሉ የሚሰማ እንደ ሆነ ግን ከኋላ ጎማዎች ወይም ኃይልን ወደ ኋላ ከሚያስተላልፈው ረጅም ዘንግ ነው። ሁለተኛው ጥያቄ መቼ ይብሳል የሚል ነው። ፍሬን ሲረገጥ ብቻ የሚመጣ ከሆነ ጎማውን ትቶ የፍሬኑን ዲስክ መመርመር ይገባል፤ ዲስኩ ውፍረቱ በዙሪያው እኩል ካልሆነ፣ ሸራው በያዘው ቁጥር ይገፋል፣ ይለቅቃል። ይህ ከደባርቅ ቀጥሎ በሚመጣው በሊማሊሞ ቁልቁለት ከባድ ማርሽ ሳያስገቡ በፍሬን ብቻ ለሚወርዱ መኪናዎች የቅርብ አደጋ ነው፤ ዲስኩ ከመጠን በላይ ግሎ፣ መኪናው ቆሞም ፍሬኑ እንደ ተረገጠ ሲቆይ፣ ሸራው በተጫነበት ስፍራ ብረቱ ሳይስተካከል ይበርዳል። ነዳጅ ሲሰጥ የሚብስና እግር ሲነሣ የሚረግብ ከሆነ ደግሞ ኃይል በሚያስተላልፉት ዘንጎችና መገጣጠሚያዎቻቸው ላይ ጥርጣሬ ይወድቃል። መኪናው ቆሞ ሞተሩ ብቻ ሲጮህ የሚንቀጠቀጥ ከሆነማ ጎማን መንካት ከንቱ ድካም ነው።

በደሉ የጎማ መሆኑ ከታወቀ በኋላ፣ ወደ ማንም ሳይሄዱ በቅድሚያ ሊደረግ የሚገባው ቸርኬውን ከውስጥ በኩል ማጠብ ነው። ይህን የምለው በክረምት ወራት የደጋው ጭቃና የቆላው ዋልካ በቸርኬው ውስጠኛ ገጽ ላይ ከአንድ ወገን ተጣብቆ ሲደርቅ ከ30 ግራም ብዙ እጥፍ የሚበልጥ ክብደት ስለሚሆን ነው፤ ከውጭ ሲያዩት ጎማው ንጹሕ ነው፣ ከኋላው ግን ጭቃውን ተሸክሟል። ከገጠር መንገድ ወጥቶ አስፋልት ሲይዝ በድንገት የጀመረ መንቀጥቀጥ ብዙውን ጊዜ በአንድ ባልዲ ውኃና በአንድ እንጨት ይድናል።

ከዚያም መኪናውን በጠፍጣፋ ስፍራ ላይ አቁሞ፣ ሌሎቹን ጎማዎች በድንጋይ አስደግፎ፣ የፊቱን ጎማ በክሪክ ማንሣት ነው። ጎማው ተነሥቶ በእጅ ሲሽከረከር፣ በማይነቃነቅ ነገር ላይ የተደገፈ ምስማር ወደ ቸርኬው ጠርዝ ተጠግቶ ቢያዝ፣ በምስማሩና በጠርዙ መካከል ያለው ክፍተት በዙሪያው ሁሉ እኩል መሆኑን ዓይን ራሱ ይፈርዳል፤ እየሰፋ እየጠበበ የሚሄድ ከሆነ ቸርኬው በድንጋይ ወይም በጉድጓድ ተመትቶ ጎብጧል ማለት ነው። ቀጥሎ ጎማውን ከላይና ከታች ይዞ መነቅነቅ የኩሽኔታውንና የመገጣጠሚያውን መላላት፣ ከግራና ከቀኝ ይዞ መነቅነቅ ደግሞ የመሪውን ዘንግ ጫፎች መበላት ያሳያል። በመጨረሻም መዳፍን በጎማው ገጽና በጎኖቹ ላይ እያሳለፉ እብጠት፣ ጠፍጣፋ ስፍራ፣ እኩል ያልተበላ ጥርስ መፈለግ ነው። ብዙ ጊዜ የተለጠፈ ጎማ፣ ወይም ሳያስፈልገው ከመነዳሪ የተከተተበት ጎማ ክብደቱ እኩል ሆኖ እንደማይገኝ መዘንጋት የለበትም፤ በቸርኬው ከንፈር ላይ የተመታው ትንሽ እርሳስ ወድቆ ባዶ ምልክቱ ብቻ ቀርቶ ከሆነም ምክንያቱ በዓይን ተገኘ ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ የጸና የተሳሳተ እምነት አለና ዝም ብዬ አላልፈውም። መሪው ሲንቀጠቀጥ ብዙ ሰው በመጀመሪያ የሚያሠራው አላይመንት ነው። አላይመንት የጎማዎቹን አቅጣጫ ያስተካክላል፤ መሪውን ወደ አንድ ወገን የሚጎትትና ጎማውን ከአንድ ጎኑ የሚበላ መኪና በእርሱ ይድናል፣ የክብደት መዛባት ግን በእርሱ አይድንም። ለዚህ የሚያስፈልገው ባላንስ ነው፤ እርሱም ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ጎማውን ወደ ላይና ወደ ታች የሚያነጥረውን ትርፍ ክብደት ማስተካከል ሲሆን፣ መሣሪያ በሌለበት ስፍራ እንኳ በነፃ በሚዞር ኩሽኔታ ላይ የተሰቀለ ጎማ ከባዱን ወገኑን ራሱ ወደ ታች እያወረደ ሊያሳይ ይችላል። ሁለተኛው ጎማውን ወደ ጎን የሚያንገዳግደውን፣ በውስጠኛውና በውጭኛው ከንፈር መካከል ያለውን ልዩነት ማስተካከል ነው፤ ይህም ጎማውን እያዞረ በሚመዝን መሣሪያ ብቻ ይገኛል። ጎሚስታው እርሳሱን በአንድ ከንፈር ላይ ብቻ መትቶ ቢያሰናብትህ፣ የውስጡንም ከንፈር መለካቱን ጠይቀው።

ከዚህ ሁሉ የተለየ አንድ መንቀጥቀጥ አለ፤ እርሱም የፊት አክሰላቸው ወጥ ብረት በሆነ መኪናዎች፣ በአገራችንም በጠንካራዎቹ ላንድክሩዘሮች ላይ የሚታየው ነው። መኪናው ጉድጓድ ወይም ጉብታ ሲመታ ሁለቱ የፊት ጎማዎች በአንድነት ግራና ቀኝ እየተወራጩ፣ ሾፌሩ እስኪያቆም ድረስ መሪውን ከእጁ ይነጥቁታል። እዚህ ላይ የክብደት መዛባት ቀስቃሽ ነው እንጂ ዋናው በዳይ የአክሰሉ መገጣጠሚያዎችና ኩሽኔታዎች መላላት ነው። የአሜሪካና የአውሮፓ መሐንዲሶች እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ በዚህ ሕማም እጅግ ተቸግረው ነበር፤ ጄኔራል ሞተርስ በ1934 መኪናዎቹ ላይ ሁለቱን የፊት ጎማዎች እያንዳንዳቸው ለብቻቸው እንዲንቀሳቀሱ አድርጎ የሠራበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነበር። እንዲህ ያለ መኪና የያዘ ሰው ንዝረቱ ሲነሣ ከመሪው ጋር ሳይታገል ነዳጁን ለቅቆ ቀስ በቀስ ይቁም፤ ከዚያም የላላውን ሳያስለውጥ ረጅም መንገድ አይውጣ።

ጎማው ተመልሶ ሲታሰር በቸርኬውና በሚያርፍበት ብረት መካከል ዝገትና አሸዋ እንዳይቀር ተጠርጎ፣ ዳዶዎቹ በተርታ ሳይሆን በተቃራኒ እየተዘለሉ በእኩል ኃይል ይጠበቁ፤ በአሥር የሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮች ከተጓዙ በኋላም ዳግመኛ ይፈተሹ። በምርመራው ጊዜ በጎማው ላይ እብጠት የተገኘ እንደ ሆነ ግን ባላንስ አይረዳም፣ እርሳስም አይረዳም፤ እብጠቱ የጎማው ውስጠኛ ሽቦና ክር መለያየቱን የሚመሰክር ስለሆነ ጎማው ሳይፈነዳ መለወጥ አለበት። ወደ ሊማሊሞ የምትወርድ ሾፌር ሆይ፣ ይህን ምርመራ ጎንደር ላይ፣ ቢዘገይ ደባርቅ ላይ ፈጽመህ ውረድ።