የቤተሰብን የትውልድ ሐረግ ስለ መመርመር፤ በወልቂጤና በቡታጅራ አካባቢ ምሳሌነት

በአገራችን አንድ ሰው ከማያውቀው ሰው ጋር ሲተዋወቅ ስሙን ከተናገረ በኋላ የሚቀርብለት ጥያቄ «የማን ልጅ ነህ? አገርህስ ወዴት ነው?» የሚል ነው። መልሱ ለጨዋታ ብቻ የሚፈለግ አይደለም። ጋብቻ ሲታሰብ፣ መሬት ሲወረስ፣ ጕማ ሲከፈል የአባቶች ስም ይቈጠራል። እንግዲህ የትውልድ ቈጠራ ሥራ ያለው ነገር ነው፤ ሥራ ያለው በመሆኑም እንደ ጕዳዩ ሲጨመርበትና ሲቀነስበት ኖሯል። በዚህ አጭር ጽሑፍ ለማስረዳት የምንሞክረው፣ አንድ ቤተሰብ ስለ ራሱ የሚናገረው ቈጠራ በምን በምን ሊመረመር እንደሚችልና እስከ የት ድረስ ሊታመን እንደሚገባ ነው።

ለምሳሌ የመረጥነው የወልቂጤንና የቡታጅራን አካባቢ ነው፤ ምክንያቱም በእነዚህ ሁለት ከተሞች ብዙ የትውልድ መሥመሮች ይገናኛሉ። ወልቂጤ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ ላይ ስለ ሆነች ቸሃው፣ እዣው፣ ሙኽሩና ቀቤናው በገበያዋ ይገናኛሉ። ቡታጅራ ደግሞ ከዓለም ገና ተነሥቶ ወደ ሆሳዕና በሚወርደው መንገድ ላይ ስለምትገኝ የመስቃን፣ የሶዶ ክስታኔ፣ የስልጤና የማረቆ ሰዎች ይገበያዩባታል፤ ይጋቡባታልም። ስለዚህ በከተሞቹ ከሚኖሩት ቤተሰቦች ብዙዎቹን ከአንድ ምንጭ ብቻ የወጡ ናቸው ማለት አስቸጋሪ ነው።

ሀ. ስለ ቍጥሩ

የአባት ስም ከአባት ስም እየተያያዘ እስከ ሰባት ትውልድ ሲቈጠር ሰሚው የቤተሰቡን ታሪክ በሙሉ የሰማ ይመስለዋል። ነገር ግን ሒሳቡን እንመልከት። አንድ ሰው 2 ወላጆች፣ 4 አያቶች፣ 8 ቅድመ አያቶች አሉት፤ እንዲህ እየተባለ ሲወጣ በሰባተኛው ትውልድ 128 ይሆናሉ። ከወላጆች ጀምሮ እስከ ሰባተኛው ያሉት ሁሉ ሲደመሩ 254 ናቸው። ዘመዳሞች ተጋብተው እንደ ሆነ አንዱ ሰው ሁለት ጊዜ ስለሚቈጠር ይህ ቍጥር ይቀንሳል። የአባት ወገን ቈጠራ ከነዚህ ሁሉ የሚያስታውሰው ግን 7ቱን ብቻ ነው። የቀሩት 247ቱ በእናቶች በኩል የገቡ ናቸው።

ለምሳሌ ያህል አንድ የቡታጅራ ተማሪ እናስብ። የአባቱ አባት መስቃን፣ የአባቱ እናት ስልጤ፣ የእናቱ አባት ሶዶ፣ የእናቱ እናት ማረቆ ናቸው እንበል። ይህ ተማሪ «እኔ መስቃን ነኝ» ቢል በአባት ሥርዐት ትክክል ነው። የትውልዱን ታሪክ ለማወቅ የፈለገ እንደ ሆነ ግን አራቱን መሥመሮች በየራሳቸው ሊመረምር ይገባዋል። በአንዱ መሥመር የተገኘ ማስረጃ ለሌላው አይጠቅምም፤ ለአንዱ የሚሆነው ምስክርም ለሌላው አይሆንም። የዚህ ጽሑፍ ዋና ሐሳብ ይኸው ነው።

ለ. ስለ መነሻ አገር የሚነገረው

በጉራጌ አገር ስለ መነሻ የሚነገሩት ትውፊቶች ብዙ ናቸው፤ ሁለቱ ግን በሰፊው የታወቁ ናቸው። አንደኛው እንዲህ ይላል፤ በዐፄ ዐምደ ጽዮን ዘመነ መንግሥት (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1314 እስከ 1344) አዝማች ስብሐት የተባለ የጦር አለቃ በአካለ ጉዛይ ካለችው ከጉራዕ ሠራዊት ይዞ መጥቶ በዚህ አገር ሰፈረ፤ ጉራጌ የሚለውም ስም ከዚያው የወጣ ነው። ሌሎች ደግሞ ስሙን «ግራ» ከሚለው ቃል ያወጡታል። ሁለተኛው በምሥራቅ በኩል፣ በተለይም በስልጤ ዘንድ፣ አባቶቻችን ከሐረር በኩል ከሐጂ አልዬ ጋር መጡ የሚለው ነው። ይኸንንም ብዙዎች እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1543 ከሞቱት ከኢማም አሕመድ ኢብራሂም ዘመን ጋር ያያይዙታል።

እነዚህን ትውፊቶች ለመመርመር የመጀመሪያው መሣሪያ የዘመን ቍጥር ነው። ለአንድ ትውልድ 30 ዓመት ብንሰጥ፣ ከዐምደ ጽዮን ዘመን እስከ ዛሬ 23 ያህል፣ ከኢማም አሕመድ ሞት እስከ ዛሬ ደግሞ 16 ያህል ስሞች ሊገኙ ይገባል። አንድ ቤተሰብ ከአዝማች ስብሐት እስከ ራሱ 10 ስም ብቻ ቢቈጥር በመካከል ከግማሽ የሚበልጡት ወድቀዋል ማለት ነው። ይህም ቤተሰቡ ዋሸ ማለት አይደለም። የሰው ትዝታ ቅርቦቹን አባቶችና የመጀመሪያውን ጀማሪ ይይዛል፤ የመካከለኞቹን ግን ይጥላል። እንዲህ ያለው መኰማተር በብዙ የአፍሪካ ሕዝቦች ቈጠራ ላይ የታየ ነገር ነው።

ሁለተኛው መሣሪያ ቋንቋ ነው። ሕዝቡ ሁሉ ከጉራዕ የመጣ ቢሆን ኖሮ ንግግሩ ለትግርኛ የቀረበ በሆነ ነበር። የቋንቋ ሊቃውንት ግን የጉራጌን ንግግሮች የሚመድቡት ከትግርኛ ጋር ሳይሆን ከአማርኛና ከሐረሪ ጋር በደቡቡ የኢትዮጵያ ሴማዊ ወገን ነው። ሮበርት ሄትስሮን በ1972 (እንደ አውሮፓ) ባወጣው ጥናት ስልጤኛን፣ ወለንኛንና የዝዋይ ደሴቶችን ዛይኛ ከሐረሪ ጋር አንድ አድርጎ ሲያስቀምጥ፣ ቸሃን፣ እዣን፣ እነሞርንና መስቃንን በሌላ ቅርንጫፍ አኑሯቸዋል፤ ክስታኔንም የጠፋው የጋፋት ቋንቋ የቅርብ ዘመድ አድርጎታል። ቀቤንኛና የማረቆ ቋንቋ ደግሞ ከሐድይኛና ከከምባትኛ ጋር የሚቈጠሩ የኩሽ ቋንቋዎች ናቸው።

ከዚህ የምንረዳው ሁለት ነገር ነው። ከሰሜን ሠራዊት መጣ የሚለው ትውፊት ስለ ጥቂት ወንዶች የተነገረ ከሆነ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ስለ ሕዝቡ ሁሉ የተነገረ ከሆነ ግን ቋንቋው አይደግፈውም። የሚያርሰውና የሚበላውም ነገር ይኸንኑ ይመሰክራል። እንሰት የሰሜን ደጋ ሰው ዋና ምግብ አይደለም፤ የመጣው ወታደር እንሰት መትከልን፣ መፋቅንና ቆጮ መጋገርን ከዚያው ከነበሩት ሰዎችና ካገባቸው ሴቶች የተማረ መሆን አለበት። እንደዚሁም የስልጤኛና የሐረሪ ዝምድና በሁለቱ አገሮች መካከል የቆየ ግንኙነት መኖሩን ቢያሳይም፣ ይህ ወይም ያ ቤተሰብ ከሐጂ አልዬ መወለዱን አያረጋግጥም። ቋንቋ የማኅበር ምስክር ነው፤ አንድ ቤተሰብ ግን በሁለትና በሦስት ትውልድ ውስጥ ቋንቋውን ሊለውጥ ይችላል።

ሐ. ከቈጠራው ስለሚቀሩት

መርማሪው በቈጠራ ውስጥ ያሉትን ስሞች ብቻ ሳይሆን የሌሉትንም መጠየቅ አለበት። በመጀመሪያ የሚቀሩት እናቶች ናቸው። ቀጥሎም በጦርነት ተማርከው ወይም ተሸጠው የመጡና በቤቱ የቀሩ ሰዎች አሉ። በወልቂጤ አካባቢ የቀቤናው ሐሰን እንጃሞ ከዐፄ ምኒልክ ሠራዊት ጋር ተዋግተው በ1881 ዓ.ም. ገደማ በራስ ጎበና እጅ ድል ሆነዋል። ከዚያ ጦርነት በፊትም ሆነ በኋላ ብዙ ሰው ከቀየው ተበትኗል፤ ብዙ ሰውም ለባርነት ተሸጧል። የነዚህ ሰዎች ልጆች ከጊዜ በኋላ በሰባት ቤት ጉራጌ ጢብ በሚባለው ጎሳ ውስጥ ተቈጥረው ይገኛሉ፤ ወይም ጨርሶ አይነሡም።

የእንጨት ሥራ ባለሙያዎች፣ ቀጥቃጮችና ቆዳ ፋቂዎችም በቈጠራ ምክንያት ከጋብቻና ከመሬት ተገልለው የኖሩ ናቸው። ቤት የሚያቆመው፣ ማረሻ የሚያበጀው ሰው «ዘሩ አይታወቅም» ሲባል የኖረው ዘር ስለሌለው አይደለም፤ ቈጠራውን የሚይዙት ሌሎች ስለ ነበሩ ነው። ስለዚህ የቤተሰብን ትውልድ በጥንቃቄ መመርመር የዕውቀት ጕዳይ ብቻ ሳይሆን የፍትሕም ጕዳይ ነው።

የስም መለወጥም ሌላ ዕንቅፋት ነው። አንዱ ሰው ባገሩ በጉራጌኛ ስም ይጠራል፤ ክርስትና ሲነሣ ወይም ሲሰልም ሌላ ስም ያገኛል፤ ለንግድ አዲስ አበባ ሲገባ ደግሞ ሦስተኛ ስም ይይዛል። መርማሪው ይኸንን ካላወቀ አንዱን ሰው ሦስት አድርጎ ይቈጥራል።

መ. ስለ ምስክሮቹ

የመጀመሪያው ምስክር የሽማግሌ ቃል ነው። አጠያየቁ ግን ሥርዐት ይፈልጋል። ወንድሙን በወንድሙ ፊት መጠየቅ አይገባም፤ ሁለተኛው የፊተኛውን ደግሞ ይናገራልና። አሮጊቶችን መጠየቅ ይልቁንም ይጠቅማል፤ ማን ከየት እንደ ተዳረች፣ ማንን ማን እንዳጠባች የሚያስታውሱት እነርሱ ናቸው። «በምን ዓመት ተወለዱ?» ከማለት ይልቅ ዘመኑን በታወቀ ነገር መያዝ ይሻላል፤ ከክፉ ቀን (ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም.) በፊት ነው ወይስ በኋላ? ከአድዋ ዘመቻ (1888)፣ ከኅዳር በሽታ (1911)፣ ከጣሊያን መግባት (1928) በፊት ነው ወይስ በኋላ? እንዲህ ከተባለ ስሞቹ በቅደም ተከተል ይያዛሉ።

ሁለተኛው ምስክር ጽሑፍ ነው። በዚህ ረገድ አውሮፓውያን ዕድለኞች ናቸው። በእንግሊዝ አገር ከ1538፣ በካቶሊኮች ዘንድ ደግሞ ከ1563ቱ የትሬንት ጉባኤ ውሳኔ ወዲህ (ሁለቱም እንደ አውሮፓ) ጥምቀትና ጋብቻ በየደብሩ ሲጻፍ ኖሯል። ይሁን እንጂ በዚያም ቢሆን አንዱ መሥመር ሲገኝ ሌላው ይጠፋል። በ1922 (እንደ አውሮፓ) የደብሊን መዝገብ ቤት በጦርነት ስለ ተቃጠለ፣ አንድ አያቱ እንግሊዛዊ ሌላው አያቱ አይሪሽ የሆነ ሰው በአንደኛው በኩል ብዙ ትውልድ ሲያገኝ በሁለተኛው በኩል በቅርቡ ይቆማል። በእኛ አገር በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ክብር መዝገብ ቢደነግግም ይህ ክፍል ሥራ ላይ ሳይውል ቈይቷል፤ በአዋጅ ቍጥር 760/2004 የታዘዘው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው።

ነገር ግን ወረቀት ጨርሶ የለም ማለት አይደለም። በእምድብር ዙሪያ ያሉ የካቶሊክ ቁምስናዎች በሕጋቸው መሠረት የጥምቀት መዝገብ ይይዛሉ፤ በዚያም የእናት ስም ይጻፋል። ከጣሊያን በኋላ የተሰጡ የግብር ደረሰኞችና የፍርድ ቤት የውርስ መዝገቦች ሌላ ምንጭ ናቸው። ተመራማሪዎች የማያስቡት ደግሞ የዕድር መዝገብ ነው። ዕድር ለወላጅ፣ ለወንድምና ለእኅት ሞት ገንዘብ ስለሚሰጥ የአባሉን ዘመዶች፣ አማቶቹን ጭምር፣ የሚጽፍበት ጊዜ ብዙ ነው። በመርካቶ አካባቢ ላሉ የጉራጌ ቤተሰቦች ይህ መዝገብ የእናትን ወገን ለማግኘት ቅርብ መንገድ ነው።

በእስላሞች ዘንድ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የቃዲሪያ ጦሪቃ በሚከተለው በአብሬትና ይኸንን በመሰሉት የሼህ ቤቶች በዐረብኛ የተጻፈ የስም ሰንሰለት ይገኛል። ይህ ሲልሲላ የመምህርና የደቀ መዝሙር ተራ ነው፤ ነሰብ የሚባለው የሥጋ ትውልድ ግን ሌላ ነው። ሁለቱን የቀላቀለ ሰው መምህርን አባት ያደርጋል።

ሦስተኛው ምስክር ዛሬ ብዙ የሚወራለት የዲ ኤን ኤ ምርመራ ነው። ይህም ከሒሳቡ አያመልጥም። ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ የሚተላለፈው ክፍል በሰባተኛው ትውልድ ካሉት 128 ሰዎች የአንዱን፣ ከእናት የሚወረሰውም የአንዲቱን መሥመር ብቻ ያሳያል። ሌላው ምርመራ የቅርብ ዘመዶችን በደንብ ይለያል፤ ዝምድናው እየራቀ ሲሄድ ግን ምስክርነቱ ይደክማል። ደም ስለ ጉራዕም ሆነ ስለ ሐረር ስም ጠርቶ አይናገርም፤ ዛሬ ካሉት ሰዎች ጋር ያመሳስላል እንጂ። ከዚህም በላይ ቤተሰቡ የሸሸገውን ነገር ሊያወጣ ስለሚችል ያለ ፈቃድ ሊደረግ አይገባም።

ሠ. ውጤቱ እንዴት ይጻፍ

ከላይ የተባለው ሁሉ ከተሰበሰበ በኋላ እያንዳንዱን ስም ከሦስት በአንዱ ደረጃ መጻፍ ይገባል እንላለን። «የተረጋገጠ» የሚባለው፣ እርስ በርሳቸው ባልተሰማሙ ሁለት ምስክሮች ወይም በአንድ ቃልና በአንድ ጽሑፍ የጸና ነው። «የሚመስል» የሚባለው፣ አንድ ምስክር ያለውና ከዘመኑ ጋር የማይጣላ ነው። «የሚነገር» የሚባለው ደግሞ የጎሳው ትውፊት ነው። ለቡታጅራው ተማሪያችን አራቱ መሥመሮች እኩል ርቀት ላይሄዱ ይችላሉ፤ የአባቱ አባት መሥመር ስድስት ትውልድ ቢጸና፣ የእናቱ እናት መሥመር በሦስተኛው ሊቆም ይችላል። በቆመበት ቦታ ላይ መስመር አስምሮ መተው እንጂ ከሌላው ወገን ስም አምጥቶ መሙላት አይገባም።

«የሚነገር» ያልነውም ቢሆን የሚጣል አይደለም። የጉራዕና የሐረር ትውፊት አንድ ጎሳ ከማን ጋር ሲዛመድ፣ ከማን ጋር ሲወዳጅና ሲጣላ እንደ ኖረ ይነግረናል፤ ይህም ትልቅ ታሪክ ነው። አንድን ሰው ግን የማን የልጅ ልጅ እንደ ሆነ አይነግረንም።

ይኸንን ልዩነት መጠበቅ ዛሬ የሚያስፈልግበት ምክንያት አለ። «እኛ ቀድመን መጣን፤ እናንተ ኋላ መጣችሁ» የሚለው ክርክር በመሬትና በከተማ ጕዳይ ላይ ጎረቤትን ከጎረቤት የሚያጣላ ሆኗል፤ ተከራካሪዎቹም ወደ ትውልድ ቈጠራ ይሄዳሉ። በ1993 ዓ.ም. የስልጤ ሕዝብ በራሱ ስም መጠራቱን የወሰነው በድምፅ ነው፤ ይህም የሕያዋን ሰዎች ፈቃድ እንጂ የጥንት ስሞች ፍርድ አልነበረም። የትውልድ ተመራማሪ እንዲህ ያለውን ጕዳይ ሊደግፍም ሆነ ሊያፈርስ አይችልም፤ እንዲህ ያደረገ እንደ ሆነ «የሚነገረውን» «ከተረጋገጠው» ጋር ቀላቅሏል ማለት ነው።

በ1940ዎቹ ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የተቋቋመው የተማሪዎች የኢትኖሎጂ ማኅበር አባሎች በየአገራቸው የሰሙትን ጽፈው በቡሌቲናቸው አትመው ነበር። ያን ጊዜ የተናገሩት ሽማግሌዎች ዛሬ የሉም፤ ጽሑፉ ግን ለእኛ ምስክር ሆኗል። ስለዚህ የተማሪ ጓደኞቻችንን የምንለምነው ይኸንን ነው፤ በሚቀጥለው የዕረፍት ጊዜ ወደየቤታችሁ ስትሄዱ ከአባታችሁ ቈጠራ በፊት የአራቱን አያቶቻችሁንና የስምንቱን ቅድመ አያቶቻችሁን ስም፣ ቀያቸውንና የተናገረላችሁን ሰው ጭምር ጻፉ። ከስምንቱ አራቱ ሴቶች ናቸው፤ ስማቸውን የሚያውቁት ሰዎችም በየዓመቱ እየቀነሱ ነው።