የአናጢ ቤት በሌለበት አገር የመስኮትን መቃን ስለ መሥራት

የትምርት ቤት መስኮት ለጌጥ የሚደረግ ነገር አይደለም። ሕፃናት በጨለማ ክፍል ተቀምጠው ፊደል ሲቈጥሩ ዓይናቸውን ያጠባሉ፥ አንገታቸውን ወደ መጽሐፉ ያቀረቅራሉ፤ ጥቂት ቈይተውም ትምርቱ ይሰለቻቸዋል። መምህሩም ልጁ የሰነፈ ይመስለዋል፤ የጐደለው ግን ብርሃን እንጂ ልቡና አይደለም። እንዲሁም ብዙ ልጆች በተዘጋ ቤት ሲተነፍሱ አየሩ ስለሚታፈን ሳልና ጕንፋን ካንዱ ወዳንዱ በቶሎ ይተላለፋል። ስለዚህ መስኮት የሌለው ትምርት ቤት እኩሌታ ሥራው እንደ ጐደለ ይቈጠራል። መስኮቱንም ለማግኘት ትልቅ የአናጢ ቤት የግድ አያስፈልግም፤ አንድ መጋዝ፥ አንድ መሮ፥ መዶሻ፥ መሰርሰሪያ፥ መላጊያ፥ ሜትርና ሲባጎ ካሉ መምህሩና የመንደሩ ሽማግሎች ተረዳድተው ሊሠሩት ይችላሉ።

ይህ ጥበብ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። በአክሱም ካሉት ሐውልቶች በአንዳንዶቹ ላይ የበርና የመስኮት አምሳል በድንጋይ ተቀርጾ ይታያል፤ በዚያም ላይ ክብ ሆነው ወጣ ወጣ ያሉት ነገሮች ግድግዳውን አቋርጠው የሚያልፉትን እንጨቶች ጫፍ የሚያመለክቱ ናቸው። በደብረ ዳሞና በላስታ ባለው በይምርሐነ ክርስቶስ አብያተ ክርስቲያናትም ይህን የመሰለ የእንጨት መስኮት እስከ ዛሬ አለ። የቀድሞ ሠራተኞች መስኮቱን በማዕዘኑ ባሉት እንጨቶች ከግድግዳው ጋራ ያስተሳስሩት ነበርና፥ ከዚህ በታች የተጻፈውም አሠራር ይህንኑ የተከተለ ነው።

ስለ መስኮቱ ልክና ስለ ቍጥሩ

ብርሃን የሚገባበት ስፋት ሁሉ ተደምሮ ከወለሉ ስፋት ከዐሥር አንድ ባያንስ መልካም ነው፤ ቢበልጥም ይሻላል። ክፍሉ 7 ሜትር በ6 ሜትር ቢሆን ወለሉ 42 ካሬ ሜትር ነው፤ ከዐሥር አንዱ 4 ካሬ ሜትር ከ20 መቶኛ ይሆናል። በውጭው ልክ አግድመቱ 1 ሜትር፥ ቁመቱ 1 ሜትር ከ20 የሆነ መቃን የእንጨቱ ውፍረት 8 ሳንቲ ሜትር ሲነሣለት ውስጡ 84 በ104 ሳንቲ ሜትር ይቀራል። እንዲህ ያሉ አምስት መስኮቶች ለዚህ ክፍል ይበቃሉ። ልጆች የሚበዙት በቀኝ እጃቸው ስለሚጽፉ ብርሃኑ በግራቸው በኩል ቢገባ የእጃቸው ጥላ ጽሕፈቱን አይሸፍንባቸውም። ነገር ግን ዝናም ካንድ ወገን እየመጣ ያንን ወገን ሲያዘጋ ክፍሉ እንዳይጨልም፥ ከአምስቱ አንዱ ወይም ሁለቱ በሌላው ግድግዳ ላይ ይሁኑ።

ስለ እንጨት ምርጫ

ጽድና ወይራ ምስጥ በቶሎ የማይደፍራቸው እንጨቶች ናቸው። ዋንዛ ለመጋዝና ለመላጊያ የሚመች ነው። ዝግባም ለመላግ ቀና ነው፤ ነገር ግን ምስጥና ርጥበት ይጐዱታል። ይሁን እንጂ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ኮሶን፥ ጽድን፥ ዝግባንና ዋንዛን ከመንግሥት ደን መቍረጥን የከለከለው እነዚህ ዛፎች እያለቁ ስለ ሄዱ ነውና፥ ለትምርት ቤት ነው ተብሎ ያለ ፈቃድ ዛፍ መጣል አይገባም። ልጆችን ዛፍ ትከሉ እያሉ ማስተማርና የትምርት ቤቱን መስኮት ከተከለከለ ዛፍ መሥራት አብረው አይሄዱም።

በብዙ አገር በቅርብ የሚገኘው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ወደ አገራችን የገባው ባሕር ዛፍ ነው። ይህ እንጨት ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን ርጥብ ሆኖ ከተሠራ ሲደርቅ ይጣመማል፥ ይሰነጠቃልም። ስለዚህ ዝናም ካቆመ በኋላ ተቈርጦ ይጠረብና፥ ጫፍ ጫፉ በሰም ወይም በቀለም ተቀብቶ፥ በጥላ ሥር በጠፍጣፋ ስፍራ ይደርደር። በየመካከሉ ነፋስ እንዲገባ ቀጫጭን እንጨት ይደረግበት፤ በላዩም ከባድ ድንጋይ ይጫን። ቢያንስ አንድ በጋ ሙሉ ይቈይ። ይህን ያህል መጠበቅ የማይቻል ከሆነ ከፈረሰ ቤት የተገኘ ምሰሶ ወይም ወራጅ ይሻላል፤ ብዙ ዘመን የደረቀ ስለ ሆነ ከእንግዲህ አይጣመምም። ነገር ግን መጋዙ እንዳይሰበር አሮጌ ምስማር ያለበት መሆኑን አስቀድሞ መመርመር ነው።

ስለ ሥራው ስፍራና ስለ ማዕዘን

የአናጢ ገበታ ከሌለ መሬቱን አስተካክሎ ሁለት ግንድ ጐን ለጐን ማጋደም ነው። እንጨቱ በግንዶቹ ላይ ይቀመጥ፤ በግራና በቀኙም ችካል ይተከልና በችካሉና በእንጨቱ መካከል ሽብልቅ ቢገባ እንጨቱ ከቦታው አይነቃነቅም።

ማዕዘን መለኪያ የሌለው ሰው ሁለት ቀጥ ያሉ ጠባብ ሳንቃዎችን ባንድ ምስማር ያያይዝ። ከምስማሩ ዠምሮ ባንዱ ላይ 30 ሳንቲ ሜትር፥ በሁለተኛው ላይ 40 ሳንቲ ሜትር ለክቶ ምልክት ያድርግ። በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለው ርቀት ልክ 50 ሳንቲ ሜትር እስኪሆን ድረስ ሳንቃዎቹን ያንቀሳቅስ፤ ያን ጊዜ ማዕዘኑ ቀጥ ያለ ነው። ሦስተኛ እንጨት አግድሞ ቢመታበት ሥራው እስኪያልቅ የሚያገለግል መለኪያ ይሆናል።

ስለ አቈራረጡና ስለ አጋጠሙ

ለአንድ መስኮት 8 በ8 ሳንቲ ሜትር ሆኖ የተላገ አራት ጠርብ ያስፈልጋል። ሁለቱ መቃኖች እያንዳንዳቸው 1 ሜትር ከ20 ይሁኑ፤ ከላይ የሚሆነው ጉበንና ከታች የሚሆነው ደፍ እያንዳንዳቸው 1 ሜትር ከ30 ይሁኑ። በግራና በቀኝ የሚተርፈው 15 ሳንቲ ሜትር ወደ ግድግዳው ገብቶ መስኮቱን የሚይዝ ነው።

በጉበኑና በደፉ ላይ ከያንዳንዱ ጫፍ 15 ሳንቲ ሜትር ተለክቶ ምልክት ይደረግ፤ ከዚያም ወደ ውስጥ ደግሞ 8 ሳንቲ ሜትር ይለካ። በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለው እስከ ውፍረቱ እኩሌታ፥ ማለት እስከ 4 ሳንቲ ሜትር፥ በመጋዝ ይቈረጥና በመሮ ይፈልፈል። የመቃኖቹ ጫፍና ጫፍ ደግሞ በ8 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ከውፍረቱ እኩሌታው ይነሣለት፤ የሚነሣውም በሁለቱም ጫፍ በአንድ ፊት በኩል ይሁን። መጋዝ የራሱን ጥርስ ውፍረት ያህል ይበላልና በመስመሩ ላይ ሳይሆን በሚጣለው ወገን ይሂድ። ጠብቆ የገባውን በመሮ ጥቂት በጥቂት ማስፋት ይቻላል፤ የሰፋውን ግን ማጥበብ አይቻልም። አራቱ ማዕዘኖች ሲገጣጠሙ እንዳይለዋወጡ ሀ፥ ለ፥ ሐ፥ መ እየተባለ ይጻፍባቸው።

ከዚህ በኋላ መቃኑ በመሬት ላይ ተጋጥሞ ከውጭ ማዕዘን እስከ ተቃራኒው ማዕዘን በሲባጎ ይለካ። ሁለቱም ልኮች 1 ሜትር ከ56 ሳንቲ ሜትር ያህል ሆነው እኩል ከሆኑ ሥራው ቀና ነው፤ ካልተካከሉ በረዘመው በኩል ያሉትን ሁለት ማዕዘኖች ወደ ውስጥ ገፋ ማድረግ ነው። ልኩ ሲስማማ ሁለቱን እንጨቶች ባንድነት በመሰርሰሪያ በስቶ የደረቀ የወይራ ችንካር መምታት ይገባል። ወደ ግድግዳው ሲወሰድም እንዳይናጋ ካንዱ ማዕዘን ወደ ሌላው ሰያፍ ሳንቃ ይመታበት፤ ግድግዳው ሳይደርቅ አይነቀል።

ወደ ግድግዳው ስለ ማስገባት

ቀጥ ብሎ መቆሙን ለማወቅ በሲባጎ ጫፍ ድንጋይ አስሮ በመቃኑ ጐን ማንጠልጠል ነው። ደግሞም የግድግዳውን ክብደት መቃኑ እንዲሸከም ማድረግ አይገባም። ከጉበኑ በላይ ጥቂት ክፍተት ተትቶ፥ በግራና በቀኝ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል በግድግዳው ላይ የሚያርፍ ጠንካራ ተሸካሚ እንጨት ይጋደም። ይህ የቀረ እንደ ሆነ ጉበኑ ይጐብጣል፥ መዝጊያውም አልከፈት ይላል፤ ግድግዳውም በመስኮቱ ማዕዘን ይሰነጠቃል። ጭቃው እንዲይዘው በመቃኖቹ የውጭ ጐን እኩሌታቸው የወጣ ምስማሮች ይመቱ። በደፉም ላይ ወደ ውጭ ያዘነበለና ከግድግዳው 5 ሳንቲ ሜትር የወጣ ሳንቃ ይደረግ፤ ውሃው ወደ ግድግዳው እንዳይመለስ ከሳንቃው ሥር በጫፉ አጠገብ ቀጭን ፈለግ ይቈፈር።

ስለ መዝጊያው

መዝጊያው ሁለት ክንፍ ቢሆን ይቀላል። የእያንዳንዱ አግድመት 41 ሳንቲ ሜትር ተኩል ይሁን፤ በክረምት እንጨት ስለሚያብጥ 1 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ይተው። ሳንቃዎቹ በሁለት አግዳሚና በአንድ ሰያፍ እንጨት ይያያዙ። የሰያፉ የታችኛው ጫፍ በማጠፊያው ወገን፥ የላይኛው ጫፍ በሚከፈተው ወገን ይሁን፤ ተገልብጦ ከተመታ ክንፉ በራሱ ክብደት ይወርዳል። የብረት ማጠፊያ ካልተገኘ ወፍራም ጠፍር በሦስት ስፍራ ተመትቶ ለጊዜው ያገለግላል። ክንፉ ወደ ውጭ ይከፈት፤ ነፋስ እንዳይመታውም መያዣ ይደረግለት።

በመጨረሻ እንጨቱ ሁሉ ሁለት ጊዜ በተልባ ዘይት ይቀባ። ዘይቱ የነካው ጨርቅ ግን ተጨብጦ በቤት ውስጥ እንዳይቀመጥ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ በውስጡ ሙቀት እየበዛ በራሱ እሳት ሊያነሣ ይችላልና በውጭ ተዘርግቶ ይድረቅ። በየዓመቱም ክረምት ሲወጣ ደፉንና የመቃኑን ሥር በወስፌ እየወጉ ምስጥ መግባቱን መመርመር ነው።

ሥራው ሁሉ ሲፈጸም ሽማግሎቹ ከመምህሩ ጋራ ወደ ክፍሉ ገብተው፥ ከመስኮቱ ሁሉ በራቀው ማዕዘን አንድ ልጅ አስቀምጠው ደቃቅ ጽሕፈት ያስነብቡት። ልጁ ዓይኑን ሳያጠብ፥ አንገቱንም ሳያቀረቅር ካነበበ መስኮቱ ሥራውን ሠርቷል፤ ካልሆነ ግን በዚያው ወገን አንድ መስኮት መጨመር ይገባል።