አንድ ማሳ፣ ሦስት ትውልድ

ከገጠር ልማት ዘጋቢያችን፤ ሐረር

ከሐረር ከተማ ወጣ ብሎ፣ በድሬ ጥያራ ወረዳ በሚገኝ የአንድ ገበሬ ማሳ ላይ ባለፈው ጥር ወር ክርክር ተነሥቶ ነበር። የክርክሩ ምክንያት መቶ የማይሞሉ ያረጁ የቡና ዛፎች ናቸው። የልጅ ልጁ ዛፎቹ ተነቅለው ጫት ይተከልባቸው ይላል። አባቱ በግማሹ ይስማማል። አያቱ ግን ምርኩዛቸውን ከአንዱ ግንድ ላይ አስደግፈው፣ «እኔ ከሞትሁ በኋላ የወደዳችሁትን አድርጉ» ብለው ዝም አሉ። ይህ ጸሐፊ ወደ ስፍራው የሄደው ስለ ቡና እድሳት ለማነጋገር ነበር። ነገር ግን ሳያስበው የሃምሳ ዓመት የመንግሥትና የኑሮ ታሪክ ሲያዳምጥ ዋለ።

ሽማግሌው ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል። በጐልማሳነታቸው ጢሰኛ ነበሩ። በዚያን ጊዜ በሐረር ዙሪያ ከነበረው የእርሻ መሬት ብዙው በከተማ ባለመሬቶችና በሹማምንት እጅ ስለ ነበር፣ ገበሬው ከምርቱ ድርሻ እየከፈለ ያርስ ነበር። እርሳቸውም ሲሦ ይከፍሉ እንደ ነበር ያስታውሳሉ። «ጢሰኛ ማሽላ ይዘራል እንጂ ዛፍ አይተክልም፤ ነገ ልቀቅ ቢባል ዛፉን ተሸክሞ አይሄድም» ሲሉ የዚያን ዘመን ኑሮ ገልጸዋል።

በ1957 ዓ.ም. የዩኒቨርስቲ ተማሪዎች በአዲስ አበባ «መሬት ላራሹ» እያሉ ሰልፍ ሲወጡ ወሬው ከእርሳቸው ጆሮ አልደረሰም ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ግን ደረሰ። አዋጁ የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት አደረገ፤ ለአንድ ቤተሰብ የሚሰጠው ይዞታ ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ወሰነ፤ የባለመሬትንና የጢሰኛን ግንኙነት ሻረ። ሽማግሌው ቡናውን የተከሉት በተከታዩ ክረምት ነው። ዛሬም ስለ ፖለቲካ ሲጠየቁ መልሳቸው እጃቸውን ወደ ቡናው መዘርጋት ነው።

ይሁን እንጂ ያው አዋጅ በጀጎል ግንብ ውስጥ የሚታወሰው በሌላ መልኩ ነው። ይህን ለመረዳት ወደ ከተማው ተመልሰን በሸዋ በር በኩል ገባን። ግንቡ በ16ኛው መቶ ዓመት በአሚር ኑር ዘመን የተሠራና አምስት ጥንታዊ በሮች ያሉት ሲሆን፣ በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በአንድ የሐረሪ ቤት፣ በቀይ አፈር በተለሰነ መደብ ላይ ተቀምጠው የተቀበሉን እማማ ከሽማግሌው ጋር እኩያ ናቸው። የአባታቸው ቤተሰብ ይተዳደር የነበረው ከግንቡ ውጭ ካለው እርሻና ከሚከራዩ ቤቶች በሚገኝ ገቢ ነበር። የየካቲቱ አዋጅ እርሻውን ወሰደ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ደግሞ የሚከራዩትን ቤቶች ወሰደ። ሁለቱም የሆኑት በአምስት ወር ውስጥ ነው። ከዚያ ቀደም ሲል በ1940 ዓ.ም. በኩሉብ ንቅናቄ ምክንያት ብዙ ሐረሪዎች ታስረው፣ ንብረታቸውም ተወርሶ ስለ ነበር ቁስሉ አዲስ አልነበረም። ከዘመዶቻቸው ገሚሱ ወደ አዲስ አበባ፣ ገሚሱ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያና ወደ ካናዳ ተበተኑ። «አዋጅ ወጣ ሲባል እስከ ዛሬ ልቤ ይደነግጣል» ይላሉ።

እንግዲህ በአንድ ዓመት የወጣ ሕግ ከግንቡ ውጭ የተስፋ፣ ከግንቡ ውስጥ የሐዘን ትዝታ ሆኖ ቀርቷል። ሁለቱም አዛውንት የሚናገሩት እውነት ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ትውልድ መንግሥትን የሚያየው በጥንቃቄ ነው። የሽማግሌው ልጅ ዕድሜው ሃምሳ አምስት ገደማ ነው። ገና ሕፃን ሳለ፣ በ1970 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ወደ ሐረር በተጠጋ ጊዜ የመድፍ ድምፅ ሰምቷል። ከ1977 ዓ.ም. ጀምሮ በሐረርጌ በተካሄደው የመንደር ምሥረታ ቤተሰቡ ቤቱን አፍርሶ በተሰጠው መስመር ላይ ሠርቷል። ገበሬው እህሉን በተወሰነ ዋጋ ለእርሻ ሰብል ገበያ ኮርፖሬሽን በኮታ እንዲያስረክብ የተገደደበትን ዘመን አይቷል። በየካቲት 1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲታወጅ ደግሞ ለትዳር የደረሰ ወጣት ነበር።

ያን ጊዜ ግን ቡና ዋጋው ወድቆ ነበር። የዓለም አቀፉ የቡና ስምምነት የኮታ ሥርዓት በ1981 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ በመቋረጡ የቡና ዋጋ በዓለም ገበያ አሽቆለቆለ። ቡና በዓመት አንድ ጊዜ ይለቀማል። ጫት ሁለትና ሦስት ጊዜ፣ ውኃ ካለ ከዚያም በላይ ይቆረጣል። ቅጠሉ ቶሎ ስለሚጠወልግ ወዲያው ወደ አወዳይ ገበያ ይወሰዳል፤ ከዚያም እስከ ጅቡቲና ሶማሌላንድ ይደርሳል። ልጅየው ከማሳው ገሚሱን ጫት ያደረገበትን ምክንያት ሲገልጽ፣ «ጠዋት ቆርጬ ማታ የሸጥሁትን ማንም በኮታ አይጠይቀኝም» ብሏል።

ሦስተኛው ትውልድ ግን ያን ዘመን በወሬ እንጂ በዓይኑ አያውቀውም። የልጅ ልጁ ዕድሜው ሃያ አራት ሲሆን፣ ዲፕሎማ ይዞ ሁለት ዓመት ሥራ ፈልጓል። የእርሱ ፖለቲካ የዋጋ ጉዳይ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የዶላር ምንዛሪ ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ ከ100 ብር በላይ መውጣቱን ከአባቱ አስቀድሞ ያወቀው እርሱ ነው። በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም፤ ገበሬም መሬት በነፃ የማግኘት መብት አለው። ነገር ግን የሚታደል መሬት የለም። አያቱን ከጢሰኝነት ያወጣው ማሳ ዛሬ ግማሽ ሄክታር አይሞላም፤ ወንድሞቹና እኅቶቹ ደግሞ አምስት ናቸው።

የሚያስደንቀው፣ በጀጎል የእማማ የልጅ ልጅ የነገረችንም ከዚሁ ጋር አንድ መሆኑ ነው። በአነስተኛ ሱቅ የሐረር ሰፌድና ቡና ትሸጣለች። ስለ ተወረሰው ቤት አላነሣችም። ያነሣችው የሸቀጥ ዋጋን፣ የሥራ እጦትንና የቧንቧ ውኃን ነው። ሐረርን ለብዙ ዓመታት ያጠጣው የሐረማያ ሐይቅ በደለልና በብዙ የውኃ መሳቢያ ሞተሮች ምክንያት በ1990ዎቹ አጋማሽ መድረቁ ይታወሳል፤ በቅርብ ዓመታት ውኃ ቢመለስበትም ትምህርቱ አልተረሳም። አያቶቻቸውን ለያይቶ የነበረው ግንብ የልጅ ልጆቹን ሐሳብ አልለየውም። ዛሬ ልዩነቱ ይበልጥ የሚታየው በአንድ ቤት ውስጥ፣ በአያትና በልጅ ልጅ መካከል ነው።

በማግስቱ ወደ ማሳው ተመለስን። ይህ ጸሐፊ ስለ ቡና ጥቅም ማስረዳት ሲጀምር ወጣቱ አቋረጠውና፣ «ወንድሜ፣ አንተ ደመወዝ አለህ። እኔ ቡናው እስኪደርስ ምን ልብላ?» ሲል ጠየቀ። ጥያቄው ተገቢ በመሆኑ መልሱም በተግባር መሆን ነበረበት።

ያረጀ ቡና ሳይነቀል በጉንደላ ሊታደስ ይችላል። ለቀማው ካለቀ በኋላ ዝናብ ከመግባቱ በፊት ግንዱ ከመሬት 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በስለታም መጋዝ ይቆረጣል፤ ውኃ እንዳያቁርም ቁርጡ ሰያፍ ይሁን። ከሚወጡት ቀንበጦች ጠንካሮቹ ሁለት ወይም ሦስት ብቻ ይቀራሉ። የተጐነደለው ዛፍ ፍሬ ለመስጠት ሁለት ሦስት ዓመት ስለሚፈልግ በየዓመቱ ከማሳው ሲሦውን ብቻ መጐንደል ይበጃል። በመካከሉ ቦሎቄ ቢዘራ ለጓዳ ይሆናል። የቀረው ቡና ደግሞ ጀንፈሉ በሚገባ ደርቆ ከቀረበ ገቢው አይቋረጥም። ጫቱም ባለበት ይቆያል።

አባትየው ራሱን ነቀነቀ እንጂ አልመለሰም። ወጣቱ፣ የታደሰው ቡና ገቢ የማን እንደሚሆን ጠየቀ። ዋናው ነገር ይህ ነበር፤ ሦስቱም ትውልድ፣ ጀጎል ውስጥ ያሉትም ጭምር፣ በየዘመናቸው የጠየቁት ይህንኑ ነው።

ሽማግሌው ምርኩዛቸውን ከግንዱ አንሥተው በማሳው ዳር ያሉትን ዛፎች እየቈጠሩ አለፉ። ከዚያ ቆም ብለው፣ «ከዚህ ወዲያ ያለው ሲሦ የአንተ ነው፤ ቁረጠው። ለባለመሬት ሲሦ ስከፍል ኖሬያለሁ፤ ለልጅ ልጄ ብከፍል አይቆጨኝም» አሉት።

ወጣቱ መጋዝ ለመዋስ ወደ ጎረቤት ሄደ።