እሬት፦ የከተማን አረንጓዴ ሥፍራ ያለ ብዙ ውሃ የሚያለማ አገር በቀል ተክል

አዲስ አበባ፦ በሲኤምሲና በአካባቢው በመንገድ ዳርቻዎች፣ በመኖሪያ መንደሮችና በመሥሪያ ቤቶች ግቢ የሚተከሉ ሣርና አበባዎች ክረምቱ ካለፈ በኋላ የሚጠብቃቸው ችግር አንድ ነው፤ እርሱም የውሃ እጥረት ነው። የአዲስ አበባ ዓመታዊ ዝናብ አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት በመሆኑ፣ በበጋ በቦቴ ውሃ ካልተጠጡ በቀር ብዙዎቹ ይደርቃሉ።

ለዚህ ችግር መፍትሔ ሊሆኑ ከሚችሉት አገር በቀል ዕፅዋት አንዱ እሬት ነው። እሬት ዘላቂ ተክል ሲሆን፣ ውሃን በወፍራም ቅጠሎቹ ውስጥ ያከማቻል። የቅጠሎቹን ጥቃቅን ቀዳዳዎች በቀን ዘግቶ በሌሊት የሚከፍት በመሆኑ በፀሐይ ሙቀት የሚባክንበት እርጥበት አነስተኛ ነው። እናቶች ሕፃናትን ጡት ለማስጣል በምሬቱ ሲጠቀሙበት የኖሩት ይኸው ተክል፣ በአንዳንድ አካባቢዎች በመቃብር ላይ የሚተከለው ተንከባካቢ ባይኖረውም ለምልሞ ስለሚቆይ ነው።

በዓለም ላይ ከ500 በላይ የእሬት ዝርያዎች ሲኖሩ፣ ከ40 የሚበልጡት በኢትዮጵያና በኤርትራ ይገኛሉ፤ ከእነዚህም አብዛኞቹ በሌላ የዓለም ክፍል አይበቅሉም። ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው ከኖርዌያዊቷ ምሁር ኢንገር ኖርዳል ጋር ባዘጋጁት መጽሐፍ እነዚህ ዝርያዎች በዝርዝር ቀርበዋል። ስሙን ከደብረ ብርሃን ያገኘው «አሎ ደብራና» የደጋ ዝርያ በመሆኑ ለአዲስ አበባ አየር ንብረት ቅርብ ነው። በአንጻሩ በመዋቢያ ምርቶች የሚታወቀው አሎ ቬራ መነሻው የዓረብ ባሕረ ገብ ምድር በመሆኑ አገር በቀል ሊባል አይችልም።

የእሬት ጠቀሜታ ውሃ በመቆጠብ ብቻ አይወሰንም። ቱቦ መሰል አበባዎቹ ጣፋጭ ፈሳሽ ስለሚይዙ ንቦችን ይመግባሉ፤ በቀጭንና ቆልማማ ምንቃራቸው አበባ የሚቀስሙ ትናንሽ ወፎችንም ይስባሉ። ከእነዚህ ወፎች መካከል በኢትዮጵያ ደጋማ ሥፍራዎች የሚኖረውና ሳይንሳዊ ስሙን ከተከዜ ወንዝ ያገኘው ዝርያ ይጠቀሳል። ወፎቹና ንቦቹም በበኩላቸው የአበባውን ብናኝ ከተክል ወደ ተክል ያደርሳሉ። አብዛኞቹ እሬቶች በራሳቸው ብናኝ ዘር ማፍራት ስለማይችሉ፣ በአንድ ሥፍራ ከተለያዩ እናት ተክሎች የተገኙ ችግኞችን አሰባጥሮ መትከል ያስፈልጋል።

በአተካከል ረገድ በሲኤምሲና በቦሌ ሜዳማ ሥፍራዎች ልዩ ጥንቃቄ የሚሻው አፈሩ ነው። በክረምት ውሃ የሚቋጥረው ጥቁር የኮትቻ አፈር የእሬትን ሥር ያበሰብሳል። ስለሆነም መደቡን ከፍ ማድረግ፣ አፈሩን ከጠጠርና ከአሸዋ ጋር መቀላቀልና ውሃው የሚወርድበትን ቦይ ማበጀት ተገቢ ነው። ከእናት ተክሉ ሥር የሚወጡ ቡቃያዎች ተነቅለው ቁስላቸው እስኪደርቅ ጥቂት ቀናት በጥላ ሥር ከቆዩ በኋላ ይተከላሉ። ሥር እስኪሰዱ ድረስ መጠነኛ ውሃ ያሻቸዋል፤ ከዚያ በኋላ ግን ከውሃ ማነስ ይልቅ የውሃ መብዛት ይጎዳቸዋል።

ከሁሉም በላይ ትኩረት የሚያስፈልገው የችግኙ ምንጭ ነው። የአረንጓዴ አሻራ መርሐ ግብር በ2011 ዓ.ም፣ የአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት ደግሞ በ2016 ዓ.ም ከተጀመሩ ወዲህ የችግኝ ፍላጎት ጨምሯል። ይህን ፍላጎት ለማሟላት እሬትን ከተራራና ከገደል ነቅሎ ማምጣት ከተማን እያስዋቡ ተፈጥሮን ማራቆት ይሆናል። ኢትዮጵያ በ1981 ዓ.ም የተቀላቀለችው ለመጥፋት የተጋለጡ የዱር እንስሳትና ዕፅዋትን ዓለም አቀፍ ንግድ የሚቆጣጠረው ስምምነት ከአሎ ቬራ በስተቀር የእሬት ዝርያዎችን በሙሉ በቁጥጥር ሥር ማድረጉም የጉዳዩን ክብደት ያሳያል።

በመሆኑም የተከላ ሥራ የሚያሠሩ መሥሪያ ቤቶች በጨረታ ሰነዶቻቸው የተክሉን ዝርያ በስም መጥቀስና ችግኙ በችግኝ ጣቢያ የተባዛ መሆኑን የሚያረጋግጥ ማስረጃ መጠየቅ ይጠበቅባቸዋል። 705 ሄክታር የሚሸፍነው የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከልና የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩትም በዝርያ መረጣ ረገድ ሙያዊ ምክር ሊጠየቁ የሚገባቸው ተቋማት ናቸው። ይህ ሲሆን በሲኤምሲ የመንገድ ዳርቻ የሚተከለው እሬት የቦቴ ውሃን ወጪ ከመቀነሱም በላይ ለንቦችና ለወፎች መመገቢያ ይሆናል፤ በተራራው ላይ ያለውም ሳይነካ ይኖራል።