መተው ወይስ መመጠን?

ከሞጆ ወደ ሐዋሳ የሚወስደውን መንገድ ይዞ የሚጓዝ ሰው ቆቃን አልፎ መቂ ከመድረሱ በፊት ዓለም ጤና የምትባለውን ከተማ ያገኛል። ዓለምንና ጤናን በአንድ ስም አጣምራ የያዘች ከተማ ናትና፣ ስለ ጤና የምንጽፈውን ነገር ከእርስዋ ብንጀምር ውድ አንባቢዎቻችን ቅር እንደማይሰኙብን ተስፋ እናደርጋለን። ደግሞም ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ ያስገደደን ጥያቄ የቀረበልን በዚያችው ከተማ ነው።

በአንድ የዐቢይ ጾም እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በዕድሜ ከገፉ ጎረቤታችን ጋር ወደ ቤታችን ስንመለስ፣ እኒህ እናት በዚያ አጭር መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ተቀምጠው ዐረፉ። በሁለተኛውም ጊዜ ጉልበታቸውን እያሹ እንዲህ አሉን። «ልጄ፣ አንተ የቤተ ክርስቲያኑንም የአስኳላውንም ትምህርት ታውቃለህና አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሐኪሙ ‹በደምዎ ውስጥ ያለው ስኳር ከልክ አልፏል፤ ክብደትዎን ይቀንሱ› አለኝ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ጾሜን ሽሬ አላውቅም። ሥጋ የለ፣ ወተት የለ፣ ቅቤ የለ። ታዲያ ይህ ሁሉ ውፍረት ከየት መጣ? ጾሜ አልሠመረልኝ ይሆን? አሁን ደግሞ እንጀራን ጨርሰሽ ካልተውሽ አይሆንም ይሉኛል። ልተወው ወይስ ጥቂት ጥቂት ልብላ?»

በእኒህ እናት ቃል ውስጥ ሁለት ጥያቄዎች አንድ ላይ ታስረው ነበር፤ አንዱ የነፍስ፣ ሁለተኛው የሥጋ። ነፍሳቸው ተጨንቃ ስላየናት ከእርስዋ ጀመርን። «እማማ፣ ጾም በሚዛን አይመዘንም። ቤተ ክርስቲያን ጾምን የሠራችው ሰውነት እንዲቀጥን ብላ ሳይሆን፣ ሰው ፈቃደ ሥጋውን ገዝቶ ወደ ጸሎት፣ ወደ ንስሐና ወደ ምጽዋት እንዲመለስ ብላ ነው። ስለዚህ ክብደቴ አልቀነሰም ብለው ጾምዎን አይጠራጠሩ» አልናቸው። የሥጋውን ጥያቄ ግን በአንድ ቃል ለመመለስ አልደፈርንም፤ እኛም ራሳችን ቀደም ብሎ ተሰናክለንበት ነበርና።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ቀበቷችን አልበቃ ሲለን፣ እንጀራንና ዳቦን ፈጽመን ለመተው ቈርጠን ተነሣን። በመጀመሪያው ሳምንት ሚዛኑ በፍጥነት ወረደልን፤ እኛም ድል ያደረግን መሰለን። ዘግይተን እንደ ተረዳነው ግን በዚያ ሳምንት የሄደው አብዛኛው ውሃ ነበር። በጉበትና በጡንቻ ውስጥ ለመጠባበቂያ የሚከማቸው የስኳር ዓይነት ከክብደቱ የሚበልጥ ውሃ ይዞ ይቀመጣል፤ እርሱ ሲያልቅ ውሃውም አብሮ ይወጣል። ስብ ግን እንዲህ በችኮላ አይሄድም። በቤታችንም ሌላ ችግር ተፈጠረ። ባለቤታችን ለእኛ ለብቻ ማብሰል ግድ ሆነባት፤ ትንሹ ልጃችንም «አባዬ፣ እንጀራ መጥፎ ነው እንዴ?» ብሎ ጠየቀን፤ የምንመልሰው አጣን። በሁለተኛው ወር ለአንድ ተዝካር ተጠርተን ስንሄድ የመሶቡ ሽታ አሸነፈን፤ ያን ቀን የበላነውን መጠን እዚህ ከመጻፍ ዝም ማለት ይሻለናል። ከዚያም ቀን ወዲያ የሄደው ክብደት ጓደኛ ጨምሮ ተመለሰ።

እንግዲህ ለጎረቤታችን መልስ ከመስጠታችን በፊት፣ ጾሙ በሚፈታበት በዘጠኝ ሰዓት ምን ምን እንደሚቀምሱ ጠየቅናቸው። እርሳቸውም አልደበቁንም። ሽሮውና ምስሩ በዘይት ተቁላልቶ፣ እንጀራው በላይ በላዩ ተደርቦ ይቀርባል። ከዚያ ዳቦ በሻይ ይከተላል፤ ማታ ደግሞ ድንች ጥብስ ወይም ፓስታ አለ። ሻዩም በቀን አራት ብርጭቆ ነው፤ በእያንዳንዱም ሦስት ሦስት ማንኪያ ስኳር ይጨመርበታል።

እዚህ ላይ ጥቂት ሒሳብ መሥራት ይገባል። አንድ ግራም ዘይት 9 ኪሎ ካሎሪ ያህል ኀይል ሲሰጥ፣ አንድ ግራም ስኳር ወይም ስታርች 4 ያህል ይሰጣል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ብቻውን ወደ 120 ኪሎ ካሎሪ ይጠጋል። በዚህ ረገድ የኑግም ሆነ የሱፍ ወይም ከውጭ አገር የሚመጣው የፓልም ዘይት ልዩነት የለውም። ስለዚህ ቅቤው ከድስቱ ወጥቶ በምትኩ ዘይት ከጀሪካን እንዲያው በዓይን ግምት ከተንቆረቆረ፣ የጾሙ ሥርዓት ተጠብቋል፤ የሰውነቱ ሒሳብ ግን አልተለወጠም። የሻዩም ስኳር አንዱን ማንኪያ 4 ግራም ብንለው በቀን 48 ግራም ይሆናል። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ምክር በምግብና በመጠጥ ላይ የሚጨመር ስኳር ከቀኑ ጠቅላላ ኀይል ከ10 በመቶ እንዳያልፍ፣ ቢቻል ከ5 በመቶ በታች እንዲሆን አሳስቧል። ይህ ሁለተኛው ልክ ለአንድ አዋቂ ሰው ወደ 25 ግራም ገደማ፣ ማለት ስድስት የሻይ ማንኪያ ነው።

ስኳር በቤታችን ይህን ያህል ባለሟል የሆነው ከጥንት ጀምሮ አይደለም። አባቶቻችን ማርን የሚያውቁት ለበዓልና ለጠጅ ነበር፤ ቡናንም በጨው የሚጠጣ ብዙ ቤት ነበር። በዚሁ በስምጥ ሸለቆ፣ ከአዳማ አጠገብ በወንጂ፣ የሆላንድ ኩባንያ ያቋቋመው የስኳር ፋብሪካ ሥራውን የጀመረው በ1946 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ስኳርን በየቀኑ በማንኪያ መቍጠር በሦስትና በአራት ትውልድ ውስጥ የለመድነው ነገር ነው፤ በቅርብ የተለመደም ነገር ሊቀነስ ይችላል።

ከዚህ የምንማረው አንድ ትልቅ ነገር አለ። የተተወ ምግብ ቦታውን ባዶ አድርጎ አይሄድም፤ ካልጠበቅነው ሌላው ገብቶ ይቀመጥበታል። ይህንም ከመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ ማየት ይቻላል። ዳንኤልና ሦስቱ ባልንጀሮቹ በባቢሎን የንጉሡን ማዕድ ትተው ጥራጥሬ እየበሉና ውሃ እየጠጡ ዐሥር ቀን ተፈተኑ። በመጨረሻም ከንጉሡ ማዕድ ከበሉት ይልቅ አምረውና ደልበው ተገኙ እንጂ ከስተው አልታዩም። ጥራጥሬ ሰውነትን የሚያፋፋ መልካም ምግብ መሆኑን እነርሱ ያውቁ ነበር፤ እኛ ግን «የጾም ነው» ብለን ስንበላ እንዘነጋዋለን። በሌላ በኩል እስራኤል በምድረ በዳ መና ሲወርድላቸው እያንዳንዱ በጎሞር እየሰፈረ ለዕለቱ የሚበቃውን እንዲወስድ ታዘዘ። ከልኩ አልፎ ለነገ ያሳደረው ተላበት። የዳንኤል ታሪክ መተውን፣ የመናው ታሪክ ደግሞ መመጠንን ያስተምረናል። ቤተ ክርስቲያናችንም ከጥሉላት መከልከልን ብቻ ሳይሆን፣ እስከ ተወሰነው ሰዓት መቈየትንና ጾሙ ሲፈታም ልክን ማወቅን አብራ ታስተምራለች። እኛ ግን ብዙዎቻችን የመጀመሪያውን ይዘን የኋለኛውን ጥለናል።

የዘመናችን ሊቃውንትም ይህን ጉዳይ በብዙ ድካም መርምረውታል። እ.ኤ.አ. በ2009 በአሜሪካ 811 ወፍራም ሰዎች በአራት ዓይነት አመጋገብ ተከፍለው ሁለት ዓመት ሲጠኑ የተገኘውን ውጤት አሳትመዋል። ለአንዱ ክፍል ስቡ፣ ለሌላው ስታርቹ፣ ለሌላውም ፕሮቲኑ እንዲያንስ ወይም እንዲበዛ ተደርጎ ነበር። በሁሉም ክፍሎች የቀነሰው ክብደት ተመሳሳይ ሆነ፤ ለውጥ ያመጣው የጠቅላላው መጠን መቀነስና በምክሩ ጉባኤ ሳይታክቱ መገኘት ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጥናትም 609 ሰዎችን ለአንድ ዓመት ተከታትሎ፣ ስብ የቀነሱት በአማካይ 5.3 ኪሎ፣ ስታርችና ስኳር የቀነሱት 6 ኪሎ እንደ ቀለሉ አገኘ። ይህም ልዩነት ከቍጥር የሚገባ አልሆነም። ሁለቱም ክፍሎች ግን ስኳርንና የተፈተገ ዱቄትን እንዲቀንሱ፣ አትክልትን እንዲያበዙ ተመክረው ነበር።

ከልክ ያለፈ ጭከናም መጨረሻው ምን እንደሚሆን የታወቀ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ፣ እ.ኤ.አ. በ1944 እና በ1945፣ አንሴል ኪስ የተባለው ሊቅ በሚኔሶታ 36 ጤነኞች ጎልማሶችን ፈቃዳቸውን ጠይቆ ለግማሽ ዓመት ምግባቸውን ወደ እኩሌታ ገደማ አወረደባቸው። ከክብደታቸው አራተኛውን እጅ ያህል አጡ። ነገር ግን ሌት ተቀን የሚያስቡት ምግብ ምግብ ብቻ ሆነ፤ በኋላም ሲፈቀድላቸው አልጠግብ አሉ። ይህን ስናነብ የፋሲካን ሌሊት አስታወስን። 55 ቀን ጾመን፣ በአንድ ቀን ዶሮውን፣ ክትፎውንና ጠላውን እንደ ዕዳ የምንከፍል ስንት ነን? ከዚያም በበዓለ ኀምሳ ረቡዕና ዓርብ ስለማይጾሙ መሶቡ ሳያርፍ ይሰነብታል።

ታዲያ መተው ከቶ አይጠቅምም ማለት ነውን? አይደለም። በእኛ አስተያየት መለያው ይህ ነው፦ ያለ እርሱ ልንኖር የምንችለውን መተው ይቀላል፤ ያለ እርሱ ልንኖር የማንችለውን ግን መመጠን ይገባል። ለስላሳ መጠጥ ለሰውነት ግድ አይደለም፤ በአንዲት ትንሽ ጠርሙስ ውስጥ ከ30 ግራም የሚበልጥ ስኳር አለና ጨርሶ ቢተዉት ጕዳት የለውም። አንድ ብርሌ ወይም አንድ ጠርሙስ ጠጥቶ ማቆም የማይሆንለት ሰውም መጠጡን ከመመጠን ፈጽሞ መተው ይሻለዋል። እንጀራ፣ ሽሮና ምስር ግን የቤታችን ምሰሶ ናቸው። ምሰሶን ነቅሎ በዚያው ቤት ለመኖር የሚሞክር ሰው ብዙ አይቈይም፤ እኛም ሞክረን አይተነዋል።

መመጠን ግን ለመናገር እንጂ ለመሥራት ቀላል አይደለም፤ የእኛ አገር ማዕድ የጋራ ነውና። በአንድ ትሪ ዙሪያ አምስት ሰው ተቀምጦ ማን ምን ያህል እንደ በላ የሚያውቅ የለም። «ጕርሻና ፍቅር ሲያስጨንቅ ነው» ይባላል፤ «በሞቴ» የተባለም እንግዳ እምቢ ማለት ይቸግረዋል። ስለዚህ ልኩ በእያንዳንዱ ሰው ጕሮሮ ላይ ሳይሆን በጓዳ ውስጥ መወሰን አለበት። አንደኛ፣ ዘይት ከጀሪካን ወደ ድስት አይፍሰስ፤ በማንኪያ ይሰፈር። ሁለተኛ፣ ትሪው ላይ የሚነጠፈው እንጀራ አስቀድሞ ይቈጠር፤ ተጠቅልሎ የሚጨመረው እስኪጠየቅ ይቈይ። ሦስተኛ፣ ጎመን፣ ሰላጣና ቲማቲም ከትሪው ሰፊውን ቦታ ይያዙ። የመቂና የባቱ ቲማቲም፣ ሽንኩርትና ፓፓያ በመኪና ተጭኖ በደጃችን ወደ አዲስ አበባ ሲያልፍ እያየን፣ በእኛው ትሪ ላይ አለመገኘቱ ያሳዝናል። አራተኛ፣ የሻይ ስኳር በየሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ ይቀነስ፤ ምላስ ቀስ በቀስ ይለምዳል። አምስተኛ፣ ፍቅር በአንዲት ጕርሻ ይገለጥ፤ እንግዳውም «ይበቃኛል» ሲል ቃሉ ይከበርለት።

አንድ ማስጠንቀቂያ ሳንጨምር ማለፍ አይገባንም። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት መሠረት፣ በአገራችን ለመውለድ በሚያበቃ ዕድሜ ካሉት ሴቶች ከ100 ወደ 8 ያህሉ ከልክ በላይ ሲወፍሩ፣ 22ቱ ደግሞ ከልክ በታች ከስተው ተገኝተዋል። ስለዚህ ይህ ምክር ለሁሉ ቤት የሚሆን አይደለም። በማደግ ላይ ያሉ ሕፃናት፣ ነፍሰ ጡሮችና የሚያጠቡ እናቶች ክብደት ለመቀነስ ብለው ምግባቸውን ማጕደል የለባቸውም። ለስኳር በሽታ መድኃኒት ወይም መርፌ የሚወስድ ሰውም ምግብ ሲቀንስ ወይም ሲጾም ስኳሩ በድንገት ወርዶ ሊጥለው ይችላል። እንዲህ ያለው ሰው አስቀድሞ ሐኪሙንና የንስሐ አባቱን ይጠይቅ። ቤተ ክርስቲያን ለሕመምተኛ የምትራራ እናት ናት።

ጎረቤታችን ይህን ሁሉ ሰምተው፣ ሐኪማቸውንም ጠይቀው፣ ልጃቸውን ጠሩና «ከዛሬ ጀምሮ ዘይቱን በማንኪያ» አሏት። እንጀራቸውን አልተዉም፤ ጾማቸውንም አልለወጡም። ሻዩን በመጀመሪያ ሁለት፣ በኋላም አንድ ማንኪያ ስኳር አደረጉት። ማታ ማታ ከልጅ ልጃቸው ጋር በእግራቸው ወጣ ማለት ጀመሩ። በፋሲካም ዕለት ዶሮውን ቀምሰው፣ ለእርሳቸው የተነሣውን ሁለተኛ ሳሕን በደጅ ተቀምጠው ለነበሩ አንድ ችግረኛ ሰው አስወሰዱላቸው። ከአምስት ወር በኋላ ሲመዘኑ የቀነሱት 4 ኪሎ ነበር፤ በደማቸው ያለው ስኳርም ወረድ ብሎ ተገኘ። ይህ ለችኩል ሰው ጥቂት ነው። እኒህ እናት ግን ባለፈው የፍልሰታ ጾም ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ አንድ ጊዜ ብቻ ዐረፉ፤ ያም ቢሆን እኛ ደክሞን ስለ ነበረ ነው።

አምላከ ቅዱሳን ማዕዳችንን ይባርክልን፤ በላዩም ልክን የምናውቅበትን ማስተዋል ያድለን።