ጫማ ለእግር፥ ታኬታ ለመሬት

ማንኛውም ሠራተኛ ለሥራው የሚስማማ መሣሪያ ካልያዘ ጉልበቱ ብቻውን የትም አያደርሰውም። ገበሬ ማረሻውን አይቶ ይገዛል፤ አጫጅም ማጭዱን ሳይሞርድ ወደ እርሻ አይወርድም። የኳስ ተጫዋችና የሯጭ መሣሪያ ግን እግሩና ጫማው ናቸው። ይሁን እንጂ እኛ ተማሪዎች ስለ ጫማ ስንነጋገር የምናነሣው ቀለሙንና ስሙን ነው እንጂ ልኩንና ሶሉን አይደለም። በዚህ ዓመት በክፍሎች መካከል በተደረጉት ግጥሚያዎች ላይ እንደ ተመለከትኩት፥ ብዙዎቹ ጓደኞቼ ከሜዳ የወጡት ደክመው ሳይሆን ተረከዛቸው ተልጦ፥ ጥፍራቸው ጠቁሮ ወይም ተንሸራትተው ወድቀው ነው። ከእነርሱም አንዳንዶቹ ጨርሰው መጫወት ትተዋል። ስለዚህ ጫማ ለእግር እንዴት እንደሚለካና ሶሉም ለመሬቱ እንዴት እንደሚመረጥ ለተማሪ ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ እንዲሁም ገንዘቡን ለሚከፍሉልን ወላጆቻችን በተቻለኝ መጠን ለማስረዳት እሞክራለሁ።

አንደኛ፥ ስለ ልክ

ጫማ ሲገዛ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት የእግር ርዝመት ነው። ይህንንም ለማወቅ ወረቀት፥ እርሳስና ማስመሪያ ይበቃሉ። ወረቀቱን ከግድግዳ ጋር አስጠግቶ መሬት ላይ ማንጠፍ፥ ተረከዝን ከግድግዳው አስነክቶ ቀጥ ብሎ መቆም፥ ከዚያም ከጣቶች ሁሉ ረዝሞ የወጣውን ጫፍ በእርሳስ ማመልከት ነው። በአንዳንድ ሰው የሚረዝመው አውራ ጣት ሳይሆን ከእርሱ ቀጥሎ ያለው ጣት ነውና ይህን ልብ ማለት ያስፈልጋል። ሁለቱንም እግር መለካት ይገባል፤ የግራና የቀኝ እግር እኩል የሆነለት ሰው ጥቂት ነውና። የእኔ የቀኝ እግር 25.2 ሳንቲ ሜትር ሲሆን ግራው 25.6 ነው። ጫማ የሚገዛው ለትልቁ እግር ነው። የሚለካበትም ሰዓት ከቀትር በኋላ ቢሆን ይመረጣል፤ ሰው ሲቆምና ሲሄድ ሲውል እግሩ ጥቂት ያብጣልና በጧት ልክ የነበረ ጫማ ማታ ይጠባል።

በጫማ ላይ የሚጻፈው 38፥ 40፥ 42 የሚለው ቁጥር በዘፈቀደ የወጣ አይደለም። የፓሪስ ነጥብ የሚባል መለኪያ ነው፤ አንዱ ቁጥር የሳንቲ ሜትር ሁለት ሦስተኛ፥ ማለት 6.7 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። እንግዲህ የጫማውን የውስጥ ርዝመት በሳንቲ ሜትር አውቆ በ1.5 ማባዛት ቁጥሩን ይሰጣል። እኔ ለ25.6 ሳንቲ ሜትር እግሬ ለጣቶቼ መንቀሳቀሻ 1 ሳንቲ ሜትር ስጨምር 26.6 ይሆናል፤ ይህም በ1.5 ሲባዛ 39.9 ነው። ስለዚህ የእኔ ቁጥር 40 ነው ማለት ነው። ለረጅም ሩጫ ይህች 1 ሳንቲ ሜትር አስፈላጊ ናት፤ ሯጭ ቁልቁለት ሲወርድ እግሩ ወደ ፊት ይገፋልና። ለኳስ ግን ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል ይበቃል፤ ኳሱን የሚመታው እግር በጫማው ውስጥ መዋኘት የለበትም። ሆኖም ፋብሪካዎች የሚሠሩበት ቅርጽ ስለሚለያይ ስሌቱ የትኛውን ጫማ አንሥተን መሞከር እንዳለብን ይነግረናል እንጂ ከመሞከር አያድነንም።

በሙከራም ጊዜ አራት ነገሮች መታየት አለባቸው። መጀመሪያ፥ ጫማው የሚሞከረው በሚለበስበት ካልሲና ቆሞ ነው፤ ተቀምጦ የተለካ ጫማ ያታልላል። ሁለተኛ፥ በጫማው ፊት ጣቶች እንደ ልብ መዘርጋት ይችሉ እንደ ሆነ ይታያል። ሦስተኛ፥ ማሰሪያው ከታሰረ በኋላ በጣት ጫፍ ቆሞ ሲራመዱ ተረከዝ ከጫማው ብድግ ማለት የለበትም። በዚህ ረገድ እኅቶቻችን የበለጠ ይቸገራሉ፤ የሴት ተረከዝ አብዛኛውን ጊዜ ከወንድ ይልቅ ጠበብ ያለ ሆኖ ሳለ በገበያ የሚገኘው የኳስ ጫማ በወንድ እግር ቅርጽ የተሠራ ነውና። አራተኛ፥ ጫማውን በሁለት እጅ ይዞ ማጠፍ ነው። ጫማ መታጠፍ ያለበት የእግር ጣቶች በሚታጠፉበት ቦታ ነው፤ ከመካከሉ እንደ ወረቀት የሚታጠፍ ከሆነ እግርን አይደግፍም።

ልክ ያልሆነ ጫማ ከባዶ እግር እንደሚከፋ የሚያስረዳ ታላቅ ምሳሌ በገዛ አገራችን አለ። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮም ኦሎምፒክ የማራቶን ውድድር አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ አሸነፈ። ብዙ ሰው ይህን የሚያወራው ጫማ እንደ ሌለው አድርጎ ነው፤ ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። እዚያ ያገኘው አዲስ ጫማ እግሩን ስላልተስማማው፥ በባዶ እግሩም ልምምድ ያደረገ ስለ ነበረ፥ ከማይስማማ ጫማ የለመደውን እግሩን መረጠ። ከአራት ዓመት በኋላ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ጫማና ካልሲ አድርጎ ሮጠ፤ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ በሆነ ጊዜም በድጋሚ አሸነፈ። ሁለቱም በየጊዜያቸው በዓለም ከተሮጠው ሁሉ የፈጠኑ ነበሩ። ከዚህ የምንማረው ባዶ እግር ይሻላል ወይም ጫማ ይሻላል የሚል አይደለም፤ የሚሻለው ለእግር የተስማማው ነው የሚል ነው።

ሁለተኛ፥ ስለ መሬትና ስለ ታኬታ

ልክ የሆነ ጫማ ከተገኘ በኋላ ሁለተኛው ጥያቄ ሶሉ ነው። ይህን ጥያቄ ከሁሉ ይልቅ አጥብቀው ያጠኑት በበረዶ ላይ የሚጫወቱ ሰዎች ስለ ሆኑ፥ ከእነርሱ ጥቂት ብንማር መልካም ነው። እኛ በገና ዱላና በሩር የምንጫወተውን የሚመስል ሆኪ የሚባል ጨዋታ አለ፤ እንደ ካናዳ ባሉ ብርዳም አገሮች ደግሞ በረጋ በረዶ ላይ ይጫወቱታል። የጫማቸው ሥር የብረት ስለት ነው። ይህ ስለት እንደ ቢላዋ አንድ አፍ ብቻ ያለው አይደለም፤ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ስላለው መካከሉን እንደ ቦይ ይሞርዱትና ግራና ቀኙ ሁለት የተሳሉ ጠርዞች ይሆናሉ። ቦዩ ጠለቅ ካለ ጠርዞቹ በረዶውን አጥብቀው ይነክሳሉ፤ ተጫዋቹም በድንገት ለመዞርና ለመቆም ይመቸዋል፥ ነገር ግን መንሸራተቱ ይከብደዋል፥ ቶሎም ይደክማል። ቦዩ ጎድጓዳነቱ ካነሰ ደግሞ በቀላሉ ይንሸራተታል፥ ነገር ግን ሲዞር የሚይዘው ያንሳል። ስለዚህ ክብደቱ ቀላል የሆነ ተጫዋች ጠለቅ ያለውን፥ ከባዱ ያልጠለቀውን ይመርጣል፤ የከባዱ ሰው ክብደት ራሱ ስለቱን ወደ በረዶው ይጫነዋልና። በረዶው ጠንካራ ሲሆን ጠለቅ ያለው፥ ለስላሳ ሲሆን ያልጠለቀው ይሻላል።

ስለቱ በቁመቱም ቢሆን ቀጥ ያለ አይደለም፤ እንደ ጣና ታንኳ ሆድ ፊቱና ኋላው ጥቂት ወደ ላይ ቀና ያለ ነው። ብዙ የጎበጠው በፍጥነት ለመዞር ይመቻል፤ ዘርጋ ያለው ደግሞ በረዶውን የሚነካበት ቦታ ስለሚረዝም ለቀጥታ ፍጥነትና ተደላድሎ ለመቆም ይረዳል። ስለ ልኩም ቢሆን አይቀልዱም። የበረዶ ጫማ ከመንገድ ጫማ አንድ ወይም አንድ ቁጥር ተኩል ያህል ያነሰ ይሆናል፤ ቀጥ ብለው ሲቆሙ ጣት የጫማውን ፊት ነካ ያደርጋል፥ ጉልበትን ሲያጥፉ ግን ተረከዝ ወደ ኋላ ስለሚቀመጥ ጣት ይላቀቃል።

ከዚህ ሁሉ አንድ ሕግ እናገኛለን፤ ይኸውም መሬትን አጥብቆ የሚነክስ ሶል እግርንም የሚይዝ መሆኑ ነው። መንከስ ያነሰው ያንሸራትታል፤ የበዛው ያዘገያል፥ አልፎም ይጎዳል። ይህ ሕግ በሣር ሜዳም እንደሚሠራ በዓለም የታወቀ ጨዋታ አለ። ሰኔ 27 ቀን 1946 ዓ.ም. በስዊስ አገር በበርን ከተማ በተደረገው የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ፥ ለአራት ዓመት ያልተሸነፈው የሀንጋሪ ቡድን ገና በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች 2 ለ 0 መራ። ዝናብ ግን ሜዳውን አጭቅይቶት ነበር። የምዕራብ ጀርመን ተጫዋቾች ያደረጉት አዶልፍ ዳስለር የሠራውን፥ ጥርሱ እየተፈታ እንደ ሜዳው ሁኔታ በአጭር ወይም በረጅም የሚለወጥ ታኬታ ነበር። ጨዋታውም 3 ለ 2 በጀርመኖች አሸናፊነት ተፈጸመ። ድሉን ጫማው ብቻ አመጣው ማለት አይቻልም፤ ነገር ግን በጭቃ ውስጥ ተደላድሎ የቆመ ሰው ምን ያህል እንደሚጠቀም ያሳያል።

አሁን ወደ ራሳችን ሜዳ እንመለስ። ወረታና የፎገራ ሜዳ የተቀመጡበት መሬት ርብና ጉማራ ከደጋ እያመጡ ያለበሱት ጥቁር ዋልካ ነው። የዋልካ ጠባይ እንደ ሌላ አፈር አይደለም። ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፥ ይጣበቃል፤ ሲደርቅ ደግሞ ይጨማደድና እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። ለሩዙ የተመቸው ይህ ጠባይ ለኳስ ግን ፈተና ነው፤ በአንድ የትምህርት ዓመት ውስጥ አንዱ ሜዳ እንደ ሦስት ልዩ ልዩ ሜዳዎች ይሆናልና።

በመስከረምና በጥቅምት መሬቱ ገና እርጥብ ነው። በዚህ ጊዜ የሚያስፈልገው ጥርሱ ረዘም ያለ፥ ቁጥሩ ጥቂት የሆነ፥ ለምሳሌ ስድስት፥ በመካከሉም ሰፊ ክፍተት ያለው ታኬታ ነው። ብዙና አጫጭር ጥርስ ያለው ከሆነ ዋልካው በጥርሶቹ መካከል ይሞላና ሶሉ ለጥ ያለ ይሆናል፤ ተጫዋቹም በአንድ እግሩ ላይ ጡብ የተሸከመ ያህል ይከብደዋል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሩዝ በሚታጨድበት ወራት መሬቱ መካከለኛ ነው፤ ከሶሉ ጋር አብሮ የተሠራ ከአሥር በላይ መካከለኛ ጥርስ ያለው ይበቃል። ከጥር ወዲህ ግን መሬቱ እንደ ድንጋይ ነው። ያን ጊዜ ረጅም ጥርስ መሬት ውስጥ አይገባም፤ ተጫዋቹ በሚስማሮች ላይ የቆመ ያህል ሆኖ የውስጥ እግሩ ይታመማል፥ ቁርጭምጭሚቱም ይታጠፋል። ከሁሉ የሚያስፈራው ደግሞ ጥርሱ በስንጥቁ ውስጥ ሲያዝ ነው፤ እግር ተይዞ ገላ ሲዞር የሚጎዳው ጉልበት ነውና። ስለዚህ በበጋ ብዙና አጫጭር የጎማ ጥርስ ያለው ወይም የጎማ ሶል ያለው ሸራ ጫማ ይመረጣል። ከጨዋታም በፊት ትልልቆቹን ስንጥቆች በአፈር ደፍኖ መጠቅጠቅ የሁላችንም ሥራ ሊሆን ይገባል። በአስፋልት ዳር የሚሮጥ ሰው ግን ምንም ጥርስ አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው ለስለስ ያለ ሶል ነው።

ሁለት ጫማ መግዛት ለብዙዎቻችን እንደማይቻል አውቃለሁ። አንድ ብቻ የሚገዛ ሰው ለደረቁ መሬት የሚሆነውን ይግዛ እላለሁ፤ ከትምህርት ዓመቱ የሚበዛው ጊዜ ደረቅ ነውና። በጭቃው ወራት ደግሞ ስንጥር እንጨት ይዞ በየዕረፍቱ ጥርሶቹን መጥረግ ይችላል። ኮንጎ ጫማም የማይናቅ ነው፤ ውኃ አያበሰብሰውም፥ ለሩዝ ማሳና ለመንገድ ይመቻል። ነገር ግን እግር ሲያልበው በውስጡ ስለሚንሸራተት በሩጫ ላይ ሳሉ በድንገት ለመዞር አይሆንም።

ሦስተኛ፥ ለወላጆቻችን

በመጨረሻ ወላጆቻችንን በትሕትና የማሳስባቸው አንድ ነገር አለኝ። ሩዝና ሽንኩርት ተሽጦ በተገኘ ገንዘብ ጫማ ስትገዙልን፥ ለከርሞም እንዲሆነን በማሰብ ሁለት ቁጥር አስበልጣችሁ ትገዛላችሁ። አሳባችሁ የፍቅርና የቁጠባ መሆኑን እናውቃለን። ግን ለ40 ቁጥር እግር 42 ቢገዛ የጫማው ውስጥ 28 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ ለእኔ እግር 2.4 ሳንቲ ሜትር፥ ማለት የሁለት ጣት ውፍረት ያህል ባዶ ቦታ ይቀራል ማለት ነው። በዚህ ባዶ ቦታ እግር ወዲያና ወዲህ ሲል ተረከዝ ይላጣል፥ የጫማውም ስፌት በጎን እየተገፋ ቶሎ ይተረተራል። እንግዲህ ለሁለት ዓመት የታሰበው ጫማ ዓመትም አይሞላ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው ነው። በተጨማሪም የእግር እድገት ከቁመት እድገት ቀድሞ የሚቆም ስለ ሆነ፥ በከፍተኛ ክፍል ላለን ተማሪዎች አብዛኛውን ጊዜ ለእድገት ብሎ ማስበለጥ አያስፈልግም። ለታናናሾቻችን ቢሆን እንኳ አንድ ቁጥር ይበቃል።

ሰልባጅ ጫማ የሚገዛም ሰው ሶሉን ገልብጦ ይመልከት። በአንድ ወገን ብቻ የተበላ ተረከዝ የቀድሞውን ባለቤት አካሄድ የያዘ ነውና አዲሱንም እግር ወደዚያው ያዘነብለዋል። እኩል ያለቀ ከሆነ ግን ጫማ ሰፊ ሊያድሰው ይችላል።

ለትምህርት ቤታችን ደግሞ ይህን አሳብ አቀርባለሁ። በቡድን ደረጃ አንዱ ተጫዋች ሲወጣ ጫማውን አውልቆ ለሚገባው የሚሰጥበት ልማድ አለ፤ የሁለቱ እግር እኩል ካልሆነ ሁለቱም ይጎዳሉ። ስለዚህ እያንዳንዱ ተጫዋች የእግሩን ርዝመት በሳንቲ ሜትር ለክቶ በስፖርት መምህራችን መዝገብ ቢያስጽፍ፥ ያሉትም ጫማዎች በቁጥራቸው ቢመደቡ፥ ምንም ተጨማሪ ገንዘብ ሳይወጣ ብዙ እግር ከጉዳት ይድናል። ለዚህም የሚያስፈልገው አንድ ማስመሪያና የግማሽ ቀን ሥራ ብቻ ነው።