አንጓ ወይስ ቋጠሮ? ከተርጓሚዎች ጓዳ

ጠጋ በሉ፣ አንድ ነገር ሹክ ልበላችሁ። የሳይንስ ጽሑፍ ወደ አማርኛ የምንመልስ ሰዎች ከረጃጅሞቹ ስሞች ይልቅ የምንፈራት አንዲት አጭር ቃል አለች፦ «ኖድ»። ከላቲን የመጣች ናት፤ መነሻዋ «ቋጠሮ» ነው። ከዚያ በኋላ ግን እያንዳንዱ የትምህርት ዘርፍ ወስዶ ለየራሱ ጉዳይ አዋላት።

ዕፀዋት ላይ ስትመጣ እፎይ እንላለን፤ አማርኛ «አንጓ» አለው። ሸንኮራ አገዳ የላጠ ሁሉ ያውቀዋል፤ ቢላዋ የሚያስቸግረው ያ ጠንካራ ቀለበት ነው። ቅጠሉ የሚወጣው ከእሱ ነው፤ ለተከላ የሚቆረጥ አገዳም አንጓ ከሌለው አይበቅልም።

ሐኪሞች ዘንድ ስንደርስ መንገዱ ይጠብባል። የብሽሽት ሊምፍ ኖድ ሲያብጥ ሕዝቡ «ንፍፊት» ይለዋል። ያ ግን የእብጠቱ ስም ነው፤ ስለዚህ ጤነኛውን «የሊምፍ እጢ» እንላለን። የልብን ምት በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ጊዜ የሚያስነሳውን ሳይኖአትሪያል ኖድ ደግሞ «እጢ» ብንለው አንባቢው ልብ ላይ የበቀለ በሽታ ይመስለዋል። እሱን «የምት መነሻ» ማለት ይሻላል።

ፊዚክስ ላይ ነው ጉዱ። የክራር ክር መሐሉን በጣት ነካ አድርጋችሁ ብትመቱት፣ ግራና ቀኙ ሲርገበገብ ጣታችሁ ያረፈበት ነጥብ ጸጥ ይላል። ኖድ ያ ጸጥ ያለው ነጥብ ነው። አንድ ረቂቅ ላይ «አንጓ» ተብሎ አገኘሁት። ተማሪው አንጓ ሲባል ያበጠውን ይፈልጋል፤ በሞገድ ላይ ያበጠው ግን የኖድ ተቃራኒ ነው። ሰርዤ «የዕረፍት ነጥብ» አልኩት።

በሥነ ፈለክ ደግሞ ኖድ መሻገሪያ ነው። የጨረቃ ምሕዋር ከምድር ምሕዋር ጠለል 5 ዲግሪ ያህል ስለሚያዘነብል ጨረቃ ያን ጠለል የምትሻገረው በሁለት ነጥቦች ብቻ ነው። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ላሊበላ ላይ ፀሐይ ቀለበት መስላ የታየችው ጨረቃ ከሁለቱ መሻገሪያዎች በአንዱ አጠገብ ሳለች በምድርና በፀሐይ መካከል በመግባቷ ነው።

የጓዳችን ምስጢር እንግዲህ ይህ ነው፦ ቃሉን ከመተርጎማችን በፊት «እዚያ ነጥብ ላይ ምን ይሆናል?» ብለን እንጠይቃለን። ይበቅላል? ይነሳል? ያርፋል? ይሻገራል? ጊዜ ሲያጥር ይህ ጥያቄ ይዘለላል፤ ዕዳው ተማሪው ላይ ይወድቃል።

ስለዚህ መጽሐፍ ስታነቡ ቃሉ ከሥዕሉ ጋር አልገጥም ካላችሁ ራሳችሁን አትጠራጠሩ፤ ተርጓሚውን ጠይቁ።